አንድ ጊዜ እምቢ ያሉት እንደራሴ፦ የመምህር ሄርሜል ፌይሆ ቫላሬሶ የሕይወት ታሪክ

መምህር ሄርሜል ፌይሆ ቫላሬሶ ከአባታቸው ከዶን ሰርቢዮ ፌይሆ እና ከእናታቸው ከዶኛ ሶይላ ቫላሬሶ፣ በኤል ኦሮ ክፍለ ሀገር ደጋማ ክፍል ላ ቾንታ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1946 ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አባታችን ወርቅ ቆፋሪ ነበሩ፤ ወርቁን ሌላ ሰው ወሰደው፣ ለእሳቸው የቀረላቸው ሳንባቸው ውስጥ የተከማቸው የድንጋይ አቧራ ነው። በ1957 ሲያርፉ ሄርሜል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ እኔ ደግሞ ገና ጡት ያልጣልኩ ሕፃን ነበርኩ። እናታችን አራት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቆላው ወረዱ። የሙዝ አገር በሆነችው በኤል ሬማንሶ ሰፍረው፣ ወደ ውጭ የሚላከውን ሙዝ በገንዳ እያጠቡ አሳደጉን።

ይህን የጻፍኩት የመጨረሻዋ እህታቸው ሜልቫ ፌይሆ ነኝ። በኤል ሬማንሶ ጤና ኬላ ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ፊቴን ባታስታውሱ መርፌዬን የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ሥራዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ሳይጠረግ የታሸገ ቁስል ማመርቀዙን ነው። በቀብር ቀን ደግ ደጉን ብቻ ለመስማት የመጣ ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሄርሜል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኤል ሬማንሶ ትምህርት ቤት ጨረሱ። ግራኝ ነበሩ። አስተማሪያቸው ግራ እጃቸውን ከወንበሩ ጋር በገመድ እያሰሩ በቀኝ እንዲጽፉ አስገድደዋቸዋል። ከመምህራን ማሠልጠኛ በ1966 ተመርቀው በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምሩ፣ የመጀመሪያ ሥራቸው የጓዳውን ገመድ ሁሉ ሰብስቦ ማቃጠል ነበር። ዳይሬክተሩ ተቆጥተው ከወር ደመወዛቸው እንደቀጧቸው እናታችን እየሳቁ ይነግሩን ነበር።

በ1971 የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ትሰፋ ከነበረችው ከወይዘሮ ኖርማ ሉሱሪያጋ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ጋሎን፣ ሂሜናን እና ያዲራን ወለዱ።

ወታደሮቹ ሥልጣን ለቀው ምርጫ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1981፣ በአንድ ጎማ ጥገና ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ተሰብስበው የፋኖስ ፓርቲን የክፍለ ሀገር ቅርንጫፍ መሠረቱ። መምህር ሄርሜል ከአሥራ አንዱ አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ ፋኖስ የድሃ ፓርቲ ነበር፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ አምነን ነበር። ወንድሜ በየእሑዱ ከቤት ቤት እየዞሩ ሲቀሰቅሱ፣ ኖርማ ከደንብ ልብስ ቁራጭ ሰንደቅ ትሰፋ ነበር። በ1992 ለብሔራዊው ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ1996 ደግሞ ሕዝቡ በድጋሚ ላካቸው።

በምክር ቤቱ ውስጥ የታወቁት በታማኝነታቸው ነው። ፓርቲው ተቀመጡ ሲል ተቀመጡ፤ ተነሡ ሲል ተነሡ። «ፓርቲ እንደ ትዳር ነው፤ ሁልጊዜ ደስ አይልም፣ ግን ሲከፋህ ጎረቤት ቤት ገብተህ አታድርም» ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት በዚያን ጊዜ አገሩን ያጥለቀለቁትን አድርባዮች ለመስደብ ነው። እኛ ሸሚዝ ለዋጭ እንላቸዋለን። በአንዱ ፓርቲ ዝርዝር ይመረጣሉ፣ በሌላው ወንበር ይቀመጣሉ፤ ለአማች ሹመት፣ ለወንድም የመንገድ ሥራ ሲገኝ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ያልፋሉ። ከሁሉም የከፋው ዶን ኔፕታሊ ቴራን ነበር። በመልሕቅ ፓርቲ ተመርጦ ገባ፣ በሦስተኛው ወር ነፃ ነኝ አለ፣ ከዚያ ከመንግሥት ጋር ሆነ፣ ከዚያ እንደገና ወደ መልሕቅ ተመለሰ። ሰውየው ሲያልፍ ዘበኛው እንኳ «ዛሬ የማን ነዎት?» ብሎ ይጠይቀው ነበር አሉ። እሱም አያፍርም፤ ይስቃል። አንቱ ያላልኩት ረስቼ አይደለም።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ።

የኤል ሬማንሶ ትምህርት ቤት በሦስት የሙዝ እርሻዎች መካከል ያለ ነው። የቅጠሉን በሽታ ለመከላከል አውሮፕላኖች ከጠዋት ጀምሮ መድኃኒት ይረጫሉ። እርሻውን ሲጨርሱ ቧንቧውን የመዝጋት ልማድ ስላልነበራቸው በትምህርት ቤቱ ጣሪያ፣ በውኃ ጋኑ፣ በተሰጣው ልብስ ላይ እየረጩ ያልፋሉ። ተማሪዎቹ የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ሳህናቸውን በደብተር ይሸፍኑ ነበር፤ ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ወደ እኔ የሚመጡት ዓይናቸው ደም መስሎ፣ አንገታቸውና ክንዳቸው ተልጦ ነው። የወንድሜ የቀድሞ ተማሪ፣ ኋላም የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የሆነችው ኤኒት ካሪዮን፣ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ሐኪሞቹ ከርጭቱ ነው አላሉም፣ አይደለምም አላሉም።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የጤና ኬላውን ሥራ ያገኘሁት በፋኖስ የአባልነት ካርድ ነው። የበላያችን የነበረው ሰው ገና በመጀመሪያው ዓመት «ሜልቫ፣ በመዝገቡ ላይ ኬሚካል የሚል ቃል እንዳላይ፤ የሙቀት ሽፍታ በይ» አለኝ። እኔም ጻፍኩ። ስንት ዓመት ጻፍኩ!

በ1996 ምርጫ ወንድሜ በትምህርት ቤቱ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆመው፣ ከመኖሪያና ከትምህርት ቤት ሁለት መቶ ሜትር ሳይርቅ መርጨትን የሚከለክል ሕግ እደግፋለሁ ብለው ቃል ገቡ። ሕጉን ያቀረቡት ተቀናቃኞቹ መልሕቆች ነበሩ። ለልጆቹ አስበው እንዳይመስላችሁ። የሙዙ ጌቶች በዚያ ዓመት ፊታቸውን ወደ ፋኖስ ስላዞሩ ተናደው ነው። እንዲህ ካለ ጉድፍ ውስጥ ነው ሕግ የሚወጣው።

ድምፅ የሚሰጠው ኦክቶበር 9 ቀን 1996 ነበር። በዋዜማው የፋኖስ መሪ ዶክተር ኤቫሪስቶ ሳልቶስ ወንድሜን ቢሮአቸው አስጠሩ። ንግግሩን ወንድሜ ራሳቸው ኋላ ነግረውኛል።

«መምህር፣ ነገ ከኛ ጋር ነህ አይደል?»

«ዶክተር፣ ለሕዝቡ ቃል ገብቻለሁ እኮ።»

«ቃልማ ሁላችንም ገብተናል! ቃል ሳይገባ የተመረጠ ማን አለ? ሕጉ የመልሕቆች ነው፤ ቢያልፍ የሚፎክሩበት እነሱ ናቸው። በሚመጣው ዓመት የራሳችንን እናመጣለን።»

«እስከዚያስ ድረስ?»

«ለሕሊናህ ሌላ ቀን እንሰጥሃለን፣ አይዞህ። ነገ የፓርቲ ቀን ነው።»

በማግሥቱ ጤና ኬላው ውስጥ በነበረችው ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን አየን። ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ የተጠራው ተነሥቶ እደግፋለሁ ወይም አልደግፍም ይላል። «ፌይሆ ቫላሬሶ፣ ሄርሜል» ተባለ። ወንድሜ ተነሡ። ጣሪያውን አዩ። «አልደግፍም» አሉ። ከኋላዬ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተነሥታ ወጣች፤ ተራዋን እንኳ አልጠበቀችም። ሕጉ ሠላሳ ዘጠኝ ለአርባ ሁለት ወደቀ።

ዓርብ ዕለት ወንድሜ እንደ ልማዳቸው በአውቶቡስ መጡ። አደባባዩ ላይ የዓሣ ሾርባ የምትሸጠው ዶኛ ፍሎርሲታ፣ ዘወትር ሽንኩርቱን አብዝታ የምትሰጣቸው ሴት፣ ገና ሲቀርቡ «አልቋል» አለቻቸው። ድስቱ ከፊቷ ይንተከተክ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኤኒት ቤታቸው መጣች። እኔና ኖርማ ማድ ቤት ነበርን፤ ሁሉንም ሰምተናል።

«መምህር፣ በቴሌቪዥን አየንዎት» አለች፤ ተቀመጪ ቢሏትም አልተቀመጠችም።

«ኤኒትዬ፣ ነገሩ አንቺ እንደምታስቢው ቀላል አይደለም። ፓርቲው…»

«ፓርቲው የት ነው ቤቱ? ጣሪያው ላይ አውሮፕላን ያልፋል?»

«የኔ አንድ ድምፅ ቢጨመርም እኮ ሕጉ አያልፍም ነበር። ቁጠሪው እስቲ።»

«ቆጥሬዋለሁ። እኔ ሒሳብ የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ያዘንኩት ለሕጉ አይደለም መምህር፤ ሕጉማ ሌላ ጊዜ ይመጣል። እኔ የጠበቅሁት የእርስዎን ድምፅ ነበር። ቢወድቅም የኛ ሰው አብሮን ወደቀ እንል ነበር።»

 ኤኒት ከወጣች በኋላ እኔ ከማድ ቤት ብቅ ብዬ ወንድሜን «ጋሼ፣ አስጠላኸኝ» አልኳቸው። በሕይወቴ አንተ ያልኳቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሦስት ወር አላናገርኳቸውም። በዚህ ተጸጽቼ አላውቅም፤ ዛሬም አልጸጸትም።

በእነዚያ ወራት ከዋና ከተማው ሲመለሱ ከፓርቲው ሰዎች ጋር መዋል ትተው በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ማንም አይጠጋቸውም። አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ጤና ኬላው መጥተው የበሽተኛ መዝገቡን ጠየቁኝ። ሳልናገር ሰጠኋቸው። ቆመው ገጽ በገጽ ገለጡት። የሙቀት ሽፍታ፣ የሙቀት ሽፍታ፣ የሙቀት ሽፍታ፤ ሁሉም በእኔ እጅ ጽሕፈት። ከዚያ ቀና ብለው፦

«ሜልቪታ፣ እዚህ አገር ይኼን ያህል ይሞቃል እንዴ?» አሉኝ።

 ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ግን በኩርፊያ አልነበረም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ያየሁትን እንዳየሁት መጻፍ ጀመርኩ። የበላዬ ተቆጣ፤ ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ።

ፋኖስ አመጣለሁ ያለው ሕግ ሳይመጣ ዓመቱ አለፈ። መልሕቆች የቀድሞውን መልሰው አቀረቡት። በዚህ ጊዜ ሁለት ነፃ አባላት ስለተጨመሩላቸው ቆጠራው አርባ አንድ ለአርባ ሆነ፤ ሕጉ በአንድ ድምፅ ሊያልፍ ነው። ከአርባ አንዱ አንዱ ያ በመልሕቅ ወንበር የተቀመጠው ቴራን ነበር።

ኖቬምበር 19 ቀን 1997 ጠዋት የፋኖስ አባላት ከስብሰባው በፊት ተሰብስበው ሳለ በሩ ተከፈተና ኔፕታሊ ቴራን ገባ። ወንድሜ መንገድ የሳተ መስሏቸው ነበር። ዶክተር ሳልቶስ ግን ተነሥተው አቅፈው ሳሙት። የእህቱ ባል ቆንስል ሆኖ ሊሾም ተስማምተው ኖሯል። አዳራሹ አጨበጨበ። አሥራ ስድስት ዓመት ሸሚዝ ለዋጮችን ሲረግሙ የኖሩ ሰዎች እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ይህን ሲነግሩኝ ወንድሜ «ሜልቪታ፣ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ከጭብጨባ ግማት ሸቶኝ አያውቅም» ብለውኛል።

ቴራን ከወንድሜ ጎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንድሜ ቀስ ብለው፦

«ዶን ኔፕታሊ፣ ለመልሕቆቹ ቃል ሰጥተዋቸው አልነበረም?» አሉት።

«መምህር፣ እርስዎ የሙዝ አገር ሰው አይደሉም እንዴ?» አለ እየሳቀ። «ድምፅም እንደ ሙዝ ነው፤ አረንጓዴ ሳለ ካልሸጡት እጅዎ ላይ ይበሰብሳል።»

ወንድሜ ወደ ዶክተር ሳልቶስ ዞሩ። «ዶክተር፣ ዛሬስ የሕሊና ቀን ነው?»

«አትቀልድ መምህር፤ ግባ፣ ሰዓት ደርሷል።»

ቴራን ስለዞረ ቆጠራው ተገልብጦ አርባ ለአርባ አንድ ሆኗል። ሕጉ ሊወድቅ ነው። ጸሐፊው ፊደል ተከትሎ ይጠራ ጀመር። «ፌይሆ ቫላሬሶ፣ ሄርሜል።» ወንድሜ ተነሥተው «እደግፋለሁ» አሉ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አቆመ።

«መምህር፣ ይድገሙልኝ እባክዎ።»

«እደግፋለሁ አልኩ። ጆሮዎ ደህና ነው፤ ይጻፉት።»

ሕጉ አርባ አንድ ለአርባ አለፈ። ዶክተር ሳልቶስ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ይሁዳ!» ብለው ጮኹ። ከአጠገባቸው ደግሞ ፋኖስ ከሆነ ሁለት ሰዓት ያልሞላው ቴራን «ከሃዲ!» እያለ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር። ይህ በቴሌቪዥን የተላለፈ ነው፤ ያላያችሁ ካላችሁ ያዩትን ጠይቁ።

በማግሥቱ ጋዜጣው የሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አወጣ። በላዩ በትልቁ «ሁለቱ ሸሚዝ ለዋጮች» ይላል። አንዱ ለእህቱ ባል ሹመት የዞረ፣ ሌላው ለተላጠ የልጅ አንገት የዞረ፤ ሁለቱም በአንድ ስም ተጠሩ። እውነቱን ልናገር፣ ከሁሉም ነገር ያቅለሸለሸኝ ይህ ነው። የአድርባይ ትልቁ ጉዳት የራሱን ድምፅ መሸጡ ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ ሰው ሐሳቡን በቀየረ ጊዜ የሚጠራበትን ስም አስቀድሞ ማቆሸሹ ነው። ኖርማ ጋዜጣውን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ መነጽሯን አድርጋ አየችና፦

«ይኼ ሸሚዝ እኔ የሰፋሁለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ለብሶታል፣ ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ገልብጬለታለሁ። ምኑን ነው የለወጠው?» አለች።

እኔም በዚያ ቀን ከአሥራ ሦስት ወር በኋላ ስልክ ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ምሳ በልተዋል?» አልኳቸው። «አልበላሁም» አሉ። ሌላ ነገር አልተባባልንም።

ዲሴምበር 12 ቀን የፋኖስ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ጠራቸው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኔፕታሊ ቴራን! አዲስ ስለሆነ ከማንም ጋር ዝምድና የለውም፣ ገለልተኛ ነው ተባለ። ፓርቲውን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑትን ሰው፣ ገና አራተኛ ሳምንቱን የያዘው ሰው «ለፓርቲው ታማኝነት የጎደለው» የሚል ደብዳቤ አንብቦ አባረራቸው። ወንድሜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ይህን ፓርቲ ስንመሠርት እርስዎ የት ነበሩ?»

«መልሕቅ ውስጥ፤ አልደብቅም» አለ ቴራን። «የኔ መምጣት ለፓርቲው ዕድገት ነው መምህር። የእርስዎ ድምፅ ግን ክህደት ነው። ልዩነቱ ይኼው ነው።»

በዚያ ሰሞን የቤታቸው በር ላይ በቀለም ይሁዳ ተብሎ ተጻፈ። ልጃቸው ያዲራ በሥራ ቦታዋ የቀድሞ ጓደኞቿ ሰላምታ ነሷት። ከዚያ ደግሞ የመልሕቅ ሰዎች መጡ። የክፍለ ሀገሩ ተጠሪ አዲስ ሰማያዊ ሸሚዝ በላስቲክ እንደታሸገ ይዞ፣ በሚመጣው ምርጫ የዝርዝሩን አንደኛ ቦታ ሊሰጣቸው በራቸውን አንኳኳ። የከፈተችው ኖርማ ናት።

«ዶን ሄርሜል ቤታቸው እኛ ጋ ነው፤ ልንወስዳቸው መጥተናል» አላት።

«ቤቱማ ይኸው፣ ውስጥ ተቀምጦ ሙዝ በአይብ እየበላ ነው። ሸሚዙ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ትልቁ ቁጥር ነው፣ እሜቴ።»

«ለእሱ ይሰፋዋል። ለሚሆነው ሰው ያድርሱት፤ በዚህ አገር ለመልበስ የሚቸኩል አይጠፋም።»

ሰውየው ሸሚዙን ይዞ ተመለሰ። ከአንድ ወር በኋላ የመልሕቅ ራዲዮ መምህር ሄርሜል የፋኖስ ሰላይ ነበሩ አለ። ሁለቱ ፓርቲዎች በዚያ ዓመት የተስማሙበት ብቸኛ ነገር የወንድሜን ስም ማጥፋት ነው።

የሥራ ዘመናቸው በ1998 ሲያበቃ ወደ ኤል ሬማንሶ ትምህርት ቤት ተመልሰው ሦስተኛ ክፍል ማስተማር ጀመሩ። አለቃቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ኤኒት ነበረች። የመጀመሪያው ቀን የመምህራን ስም መቆጣጠሪያውን ሰጥታ «መምህር፣ አርፍደዋል» አለቻቸው፤ ሁለቱም ሳቁ። እስከ 2011 ጡረታቸው ድረስ አስተማሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአደባባዩ መረብ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ በነጥብ ማጭበርበራቸውንም ሳልጠቅስ ባልፍ አብረዋቸው የተጫወቱት ይታዘቡኛል።

ሕጉ እንዴት ሆነ? ፍጹም አልሆነም። ነፋስ ሕግ አያነብም፤ አብራሪዎችም ሁሉም አያነቡም። ነገር ግን አውሮፕላኑ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ማለፉን አቆመ። በ2000 እኔ በመዝገቤ ያሰፈርኩት የአንገት ቁስል አራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት በአንድ ወር ብቻ ሠላሳ እጽፍ ነበር። ኤኒት በዚያው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች። በሕጉ ምክንያት ነው አልልም፤ ሐኪሞቹ ያኔ ያልተናገሩትን እኔ ዛሬ አልናገርም።

ሕጉ መልካም ስም ሲያተርፍ ግን አባቶቹ በዙ። በ2006 ምርጫ ኔፕታሊ ቴራን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሸሚዙ፣ በትምህርት ቤታችን አጥር አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ «የሕፃናት ጋሻ» የሚል ማስታወቂያ ሰቀለ። ተመረጠም። የመረጥነው እኛው ነን፤ እዚህ ከተቀመጣችሁትም አላችሁ። በአንድ ዶሮና በአንድ ጆንያ ሩዝ የተገዛ ድምፅ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ የምናውቀው እኛ ነን። በ2013 ደግሞ ፋኖስ ለመምህር ሄርሜል ሜዳሊያ ልስጥ ብሎ ጠራቸው። «ታምሜያለሁ በሏቸው» ብለው መረብ ኳስ ሊጫወቱ ወጡ።

እውነተኛው ሕመም የመጣው በ2017 ነው። ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ደም ለማሳጠብ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ይመላለሱ ነበር። ኖርማ አንድም ቀን ብቻቸውን አልላከቻቸውም። ሲያገግሙም ሲብስባቸውም ከቆዩ በኋላ፣ ሜይ 6 ቀን 2019 ጠዋት በሰባ ሦስት ዓመታቸው በሆስፒታል አረፉ።

ትናንት ከፋኖስ ፓርቲ ሁለት ሰዎች መጥተው ሣጥኑን በፓርቲው ሰንደቅ እንሸፍን፣ አጭር ንግግርም እናድርግ ብለው ጠየቁን። ቤተሰቡ አልፈቀደም። የአበባ ጉንጉን ትተው ሄዱ፤ ሪባኑ ላይ «ለሕጉ አባት፣ ከታማኝ ጓዶቻቸው» ይላል። ሪባኑን በመቀስ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። አበባው ጥፋት ስለሌለበት ከመሠዊያው ግራ አስቀምጠነዋል።

ዶን ኔፕታሊ ቴራንም ለቀብሩ እመጣለሁ ብሎ በራዲዮ አስነግሯል፤ በመጪው ምርጫ ለክፍለ ሀገር አስተዳዳሪነት ይወዳደራል። ይህ ጽሑፍ ሲነበብ ከፊት ተቀምጦ ከሆነ፣ የፊተኛው ወንበር የተያዘው ለትምህርት ቤቱ መምህራን ስለሆነ ተነሥቶ እንዲለቅላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን። ወንበር መቀየር እንደማይከብደው እናውቃለን።

ወንድሜ ከማረፋቸው አምስት ቀን በፊት ሆስፒታል አጠገባቸው ሳለሁ እጄን ይዘው «ታሪኬን አንቺ ነሽ የምትጽፊው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ሁለተኛውን ድምፅ ሁሉም ሰው ያወራዋል። አንቺ የመጀመሪያውን ጻፊ። አልደግፍም ያልኩበትን።»

«ለምን ብለው ነው? ሰው እኮ ይቅር ብሎዎታል።»

«ይቅር ማለትማ ብሏል። ግን በዚያ ቀን ማንም አላስገደደኝም ሜልቪታ፤ ሹመትም አልሰጡኝ። በነፃ ነው ያደረግሁት። ቴራን እንኳ ዋጋ ጠይቋል። ጽፈሽ አንብቢላቸው፤ ታማኝ ነኝ ብሎ የሚኮራ ሰው ካለ ይስማው።»

ይኸው ጻፍኩት።

መምህር ሄርሜል ፌይሆ ቫላሬሶ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኖርማ ሉሱሪያጋን፣ ልጆቻቸውን ጋሎን፣ ሂሜናን እና ያዲራን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ እኔን እህታቸውን፣ እንዲሁም በሠላሳ ዘጠኝ የማስተማር ዓመታት ውስጥ በግራም በቀኝም እጃቸው እንዲጽፉ ያስተማሯቸውን ተማሪዎች ትተው ተለይተውናል። ሁላችን የምንማጸናት የሲስኔዋ እመቤታችን በመንገዳቸው ትቅደምላቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፣ «አልደግፍም» ያሉበትን ቀን ይቅር ይበላቸው። እኔንም የሙቀት ሽፍታ ብዬ ለጻፍኩበት ገጽ ሁሉ፣ እናንተንም ለሩዝ ላነሣችሁት እጅ ይማረን። ከመታመማችን በፊት መናዘዝን ይስጠን። አሜን።